ቮልስ ላይ ሞተር፣ ካምቢዮና ጎማ ሲቀየር፦ ለጎንደር ከፍታና ዳገት የሚሆነው የትኛው ነው?

የቮልስ ሞተር የተያዘው በ4 ብሎን ብቻ ነው። የለመደ መካኒክ ከረዳቱ ጋር ሆኖ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያወርደዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ቅለት ነው። ባለ 1200 ሲሲውን ሞተር አውርዶ ባለ 1600 መስቀል የግማሽ ቀን ሥራ ይመስላል፤ ከዚያ ቮላኖው (ከክራንክሻፍቱ ጫፍ የሚታሰረው ከባድ ጥርሳም ክብ) አልገባ፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) አልነክስ፣ ፍሪሲዮኑ አልለቅ ይልና መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ለሳምንታት ትቆማለች። ሞተር፣ ካምቢዮ (የማርሹ ሣጥን) እና ጎማ አንድ ሒሳብ ናቸው። አንዱን የነካ የሁለቱንም ቁጥር መልሶ ማየት አለበት። ጎንደር ላይ ደግሞ ከፍታው ራሱ ከሒሳቡ ይገባል።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከፍታው ከጉልበቱ ስንቱን ይወስዳል?

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 78 በመቶ አካባቢ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፤ ጉልበቱም በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። በፋብሪካ 34 የፈረስ ጉልበት የነበረው 1200 እዚህ 27 አካባቢ ይሰጣል፤ 50 የነበረው 1600 ደግሞ 39 ገደማ። ስለዚህ ጎንደር ፒያሳ ላይ 1600 የጫነች ቮልስ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 1200 ከጫነችው በጥቂቱ ብቻ ነው የምትበልጠው። ደባርቅ ላይ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ሲደረስ፣ የሚጎድለው ወደ 30 በመቶ ይጠጋል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ተስፋን ለመቁረጥ ሳይሆን ለመመጠን ነው። 1600 መስቀል ትክክለኛ ምርጫ ነው። መኪናዋ በሦስተኛ ማርሽ የምትወጣውን ዳገት በአራተኛ ትወጣለች ብሎ መጠበቅ ግን ትክክል አይደለም።

ሞተሩን ከመግዛት በፊት

የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ሥር፣ ብሎኩ ላይ ተመትቷል። ቁጥሩን የሚቀድሙት ፊደላት የሞተሩን ዓይነት ይናገራሉ። «ዲ» 34 ፈረስ ያለው 1200 ነው፤ «ኤፍ» 1300፤ «ኤች» 1500፤ «ኤዲ» እና «ኤኤስ» ደግሞ 50 ፈረስ ያላቸው 1600 ናቸው። ሻጩ «1600 ነው» ማለቱ አይበቃም። ብሎኩ 1300 ሆኖ ሲሊንደሩ ብቻ የተቀየረበት ብዙ አለ፤ ያ በራሱ ጥፋት ባይሆንም ዋጋው ሌላ ነው።

ቀጥሎ የክራንክሻፍቱ ጨዋታ፣ ማለትም ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ልክ፣ ይታያል። የኋላውን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ራስ መሳብና መግፋት ነው። ትክክለኛው ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እጅ ብዙም አይለየውም። «ቋ ቋ» የሚል ከሆነ የብሎኩ የኩሽኔት መቀመጫ ተደብድቧል ማለት ነው፤ ብሎኩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ካልተስተካከለ አዲስ ኩሽኔት ቢገባበትም አይቆይም።

የኮምፕሬሽን ጌጅ ያለው ሰው ይለካ፤ ግን ጌጁ እዚህ ከመጽሐፉ ቁጥር በአንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚያነብ አይርሳ። አየሩ ሲሳሳ ጤነኛ ሞተርም ዝቅ ያለ ቁጥር ነው የሚያሳየው። ዋናው በ4ቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ከወረደ ቫልቩ ወይም ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሄዷል። 3ኛው ሲሊንደር ከሆነ ደግሞ አያስገርምም፤ ከ1971 በፊት በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ከንፋሱ መንገድ ላይ ስለሆነ ለዚያ ሲሊንደር የሚደርሰው የሞቀ አየር ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው በራሱ ቤት ወደ ኋላ የወጣበት፣ ከ1971 ወዲህ የተሠራ ሞተር ከተገኘ ዋጋው ቢበልጥም ይመረጣል። ቀጭን አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙም አነስተኛ ነውና።

ማውረድ

መኪናዋ የኋላ ጎኗ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር እንድትነሳ ሆና በመቆሚያ ትቁም። በድንጋይ ወይም በብሎኬት ላይ የቆመች መኪና ሥር መግባት በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ የተለመደ ነገር ግን ሰው መግደሉን አይተውም።

የኋላው ወንበር ይነሳና የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። የአየር ማጣሪያው ይወጣል። የዲናሞው፣ የኮይሉ፣ የዘይት መብራቱና የካርቡሬተሩ ሽቦዎች እያንዳንዳቸው ፕላስተር ተለጥፎባቸውና ተጽፎባቸው ይነቀላሉ። የነዳጅ መስጫው ገመድ ከካርቡሬተሩ ይለቀቅና በፋኑ ቤት በኩል ወደ ፊት ይሳባል፤ ይህን የረሳ ሰው ሞተሩ ሲወርድ ገመዱን በጥሶ ነው የሚያስታውሰው። ከሥር የቤንዚኑ ጎማ ይነቀልና በብሎን ይደፈናል። የሙቀት መስጫዎቹ ሁለት ቱቦዎችና ሁለት ገመዶች ይለቀቃሉ።

አሁን የቀሩት 4ቱ ናቸው፤ ሁሉም በ17 ቁጥር ቁልፍ ይፈታሉ። መጀመሪያ የታችኞቹ ሁለት ዳዶዎች። ከዚያ ክሪኩ፣ ጣውላ ተደርጎበት፣ ከሞተሩ መሐል ሥር ገብቶ ክብደቱን ይረከባል፤ ሞተሩ ከነዕቃው 110 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ የላይኞቹ ሁለት። አንድ ሰው ከላይ ሲፈታ ሌላው ከሥር ገብቶ የብሎኑን ራስ ይይዛል። ሞተሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ከተሳበ በኋላ ብቻ ይወርዳል። የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ሳይወጣ ክብደቱ ዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ የፍሪሲዮኑ ሸራ ይጣመማል፤ ያ ሸራ ተመልሶ ከገባ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል። ወንጀሉ ከዚያ በኋላ በካምቢዮው ላይ ይለጠፋል።

ባለ 6 ቮልቱና ባለ 12 ቮልቱ

የስልሳዎቹን መኪና የያዘ ሰው ዋናው ችግር እዚህ ነው። የባለ 6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ ሲኖረው ባለ 180 ሚሊ ሜትር ፍሪሲዮን ይይዛል። የባለ 12 ቮልቱ 130 ጥርስና 200 ሚሊ ሜትር ነው። 1600ው የሚመጣው ከትልቁ ጋር ነው፤ በአሮጌው ካምቢዮ ቤት ውስጥ ግን ትልቁ ቮላኖ አይዞርም፣ ግድግዳውን ይነካል።

መውጫው ሦስት ነው። አንደኛው የካምቢዮውን ቤት ከውስጥ በመፍጫ ጥቂት ሚሊ ሜትር ማስፋት ነው። የዘንጉ ኦይል ሲል በግሪስና በጨርቅ መሸፈን አለበት፤ የአልሙኒየም ብናኝ ወደ ካምቢዮ ከገባ ኩሽኔት ይበላል። ሁለተኛው የአሮጌውን ሞተር ትንሽ ቮላኖና ፍሪሲዮን 1600ው ላይ ማሰር ነው። ይገጥማል፣ ግን 180ው ሸራ ለጎንደር ዳገት አቅም የለውም፤ ወደ ቁስቋም በሚወጣው መንገድ ላይ ሰው ጭኖ ሁለት ሦስቴ ከቆመበት የተነሳ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። ሦስተኛውና የሚሻለው የባለ 12 ቮልት ካምቢዮ አብሮ መግዛት ነው።

ሞተሪኖውም አለ። የባለ 12 ቮልቱ ሞተሪኖ ዘንግ ቀጭን ነው፤ ጫፉ የሚቀመጥበት በካምቢዮው ቤት ላይ ያለው የነሐስ ቡሽ በአሮጌው ሰፊ ነው። ቡሹ ካልተቀየረ ሞተሪኖው እየተወላገደ የቮላኖውን ጥርስ ይበላል። ዕቃዋ ትንሽና ርካሽ ናት፤ ብዙ ቮላኖ ያበላሸችውም እሷ ናት። ቮልቱ ሲለወጥ ከባትሪና ከሬጉሌተር ሌላ አምፖሎቹ ሁሉ፣ ኮይሉ፣ የፍሬቻው ሪሌና የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ይለወጣሉ።

ቮላኖው ሲታሰር

ሥራው በጥራት መሠራት አለመሠራቱ የሚለየው እዚህ ነው። በክራንክሻፍቱና በቮላኖው መካከል ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ይገባሉ፤ ጨዋታውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አሠራሩ ይህ ነው፦ ኦይል ሲሉ ሳይገባ ሁለት ቀለበት ብቻ ተደርጎ ቮላኖው ይታሰርና ጨዋታው ይለካል። ከተገኘው ላይ 0.10 ይቀነሳል፤ የቀረው የሦስተኛው ቀለበት ውፍረት ነው። 0.44 ከተለካ 0.34 ቀለበት ይፈለጋል። ከዚያ ተፈትቶ፣ ኦይል ሲሉና ሦስቱም ገብተው፣ እንደገና ይለካል። በሁለት ቀለበት ወይም በአራት መዝጋት ክልክል ነው።

ቮላኖውን የሚይዘው አንድ ትልቅ ባለ 36 ቁጥር ብሎን ነው። የሚጠብቀው በ35 ኪሎ ግራም ሜትር፣ ማለትም በ343 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን የሚደርስ ቶርክ ሬንች በየጋራዡ የለም። ቁልፉ ላይ ጠንካራ ቧንቧ ይሰካና ከብሎኑ መሐል ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ምልክት ይደረጋል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቧንቧው አግድም ሳለ ሙሉ ክብደቱን እዚያ ላይ ቢያሳርፍ ልኩ ይመጣል። «በደንብ አጥብቄዋለሁ» ተብሎ የታለፈ ብሎን ከጊዜ በኋላ ይላላል፣ ቮላኖውን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያያይዙት የ4ቱ ፒኖች ቀዳዳ ይሰፋል፣ ክራንክሻፍቱም አብሮ ይሞታል። በዚሁ ብሎን ውስጥ ያለችው ትንሽ ኩሽኔት ጥቂት ግሪስ ትፈልጋለች፤ ከበዛ ወጥቶ ሸራው ላይ ይረጫል።

የፍሪሲዮኑ ኩሽኔትም ዓይነቱ ሁለት ነው። ከ1971 ወዲህ ያሉት ካምቢዮዎች ኩሽኔቱ የሚንሸራተትበት ቱቦ አላቸው፤ የሚስማማቸው መሐሉ ላይ ቀለበት የሌለው ፕሬሸር ፕሌት (ሸራውን የሚጫነው ሰሌዳ) ነው። አሮጌዎቹ ቱቦ የላቸውም፤ ባለ ቀለበቱን ይፈልጋሉ። ከተለዋወጡ ወይ ይንጫጫል፣ ወይ አይለቅም። ሁሉም ከገባ በኋላ ፔዳሉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነጻ ጨዋታ ይተዋል። ሲነሱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሸራውን ከመክሰስ በፊት ገመዱ የሚያልፍበት ቱቦ ይታይ፤ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ወደ ታች መጉበጥ አለበት።

ካምቢዮ

ካምቢዮውን ለማውረድ ሞተሩ መውጣቱ ግድ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ባለችው ትንሽ ክዳን በኩል የማርሹ ዘንግ መጋጠሚያ ይፈታል፤ ባለ አራት ማዕዘን ራስ ብሎኗ በሽቦ ታስራለች፣ ስትመለስም በሽቦ መታሰር አለባት። የፍሬን ቱቦዎቹና የእጅ ፍሬን ገመዶቹ ይለቀቃሉ። የአክሰሉ ቱቦ ከኋላው የሞላ (ስፕሪንግ) ሰሌዳ ከመፈታቱ በፊት ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ በስኮርፔሎ ምልክት ይደረግበት፤ ምልክት የሌለው ሲመለስ የኋላ ጎማዎቹ ጠማማ ሆነው ጎማ ይበላሉ። በመጨረሻ ሁለቱ ትልልቅ ባለ 27 ቁጥር ብሎኖች።

አክሰሉ ሙሉ የሚወዛወዘው ዓይነትና ሁለት መገጣጠሚያ ያለው አዲሱ ዓይነት አይለዋወጡም። አንዱን በሌላው ቦታ ለማስገባት ሻንሲውን ቆርጦ መበየድ ይጠይቃል፤ አይመከርም። ሌላም ወጥመድ አለ። እስከ 1967 የተሠራው የቮልስ ሚኒባስ ካምቢዮ ሲታይ ከትንሿ መኪና ጋር አንድ ይመስላል። ሚኒባሱ ግን በየጎማው ላይ ተጨማሪ የማርሽ ቤት ስላለው ዲፍረንሻሉ የሚዞረው በተቃራኒ ነው። እንዳለ ከተገጠመ መኪናዋ 4 የኋላ ማርሽና 1 የፊት ማርሽ ይኖራታል። መፍትሔው ዲፍረንሻሉን ከፍቶ ትልቁን ጥርስ በሌላው ጎን ማዞር ነው፤ ይህ ደግሞ የልኬት ሥራ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። የካምቢዮው ዘይት 90 ቁጥር፣ 2.5 ሊትር ነው፤ ባዶ ከነበረ 3 ሊትር።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የ1200ና የ1300 ዲፍረንሻል 4.375 ነው (ጎማው አንዴ ሲዞር የካምቢዮው ዘንግ የሚዞረው ይህን ያህል ጊዜ ነው)፤ የ1500ና የ1600 ደግሞ 4.125። አራተኛ ማርሽ 0.89 ሲሆን፣ በ3,000 ዙር፣ በ165/80 አር 15 ጎማ፣ የመጀመሪያው በሰዓት 91 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሁለተኛው 97 ይሄዳል። ልዩነቱ 6 በመቶ ነው። ብዙ ሰው ረጅሙን 4.125 ይመርጣል። ወደ ባሕር ዳር ብዙ ለሚመላለስና ጭነት ለሌለው ይሁን። ቤተሰብ ጭኖ ደባርቅ ለሚወጣ፣ ከዚያም በሊማሊሞ ለሚወርድ ግን 1600 ሞተር ከአጭሩ 4.375 ጋር ይሻላል። ሲወጣ ሞተሩ ከዙሩ አይወድቅም፤ ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ መኪናዋን ይይዛል፣ ፍሬኑ አይቃጠልም። ሊማሊሞን በገለልተኛ ማርሽ ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ የሚወርድ ሰው ምንም ዓይነት ሞተር አይጠቅመውም።

ሞተሩ ከፊት ለሆነላቸው፣ ለፔጆ 404 ወይም ለፊያት 124፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ የሞተር መቀመጫ፣ የራዲያተር ስፋትና የካርዳኑ ርዝመት ይቀድማሉ። የዘይት ማጠራቀሚያው ከመሪው ዘንግ ጋር መጋጨት አለመጋጨቱ ሞተሩ ሳይገዛ በሜትር ይለካ።

ጎማ

የቮልስ የጥንት ጎማ 5.60-15 ነበር፤ ዛሬ ትክክለኛው ተተኪ 165/80 አር 15 ወይም 155 አር 15 ነው። ይህ መጠን በየጎሚስታው አይገኝም፤ የሚገኘው 195/65 አር 15 ነው። ቁመቱ ከ165/80ው በ1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚያንስ «ልክ ነው» ይባላል። ግን 195 ቢያንስ 5.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል፤ የቮልስ ቸርኬ 4 ወይም 4.5 ነው። ጎማው ተጨምቆ መሐሉ ብቻ መሬት ይነካል፣ ኩርባ ላይም ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ቸርኬው ካልተቀየረ 195 አይታሰርም።

ቸርኬ ለመለዋወጥ ያሰበ የቀዳዳውን ቁጥር ይይ፤ አሮጌዎቹ 5 ብሎን በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ፣ ከ1968 ሞዴል ወዲህ በአብዛኛው 4 ብሎን በ130 ነው። የቮልስ ብሎን መቀመጫ ክብ ነው፤ ሾጣጣ ብሎን የሚገባ ቢመስልም በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሚነካ ይላላል። ባለ 4ቱ በ130 ኒውተን ሜትር ይጠብቅና ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ይደገም፤ ኮብልስቶን ላይ ለሚውል መኪና ይህ ቅንጦት አይደለም። አሮጌ ቸርኬ ጎማውን ከዳር የሚይዝ ጉብታ ስለሌለው ከመነዳሪ ይግባበት፤ ለራዲያል የተሠራ ከመነዳሪ። ጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፦ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት። ጥርሱ አዲስ ሆኖ 10 ዓመት የተቀመጠ ጎማ ጎማ አይደለም።

ነፋሱ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒኤስአይ። እኩል 30 የሚሞላ ጎሚስታ ብዙ ነው፤ ሞተሯ ከኋላ የሆነች መኪና እኩል ከተሞላች ኩርባ ላይ ኋላዋ ይሸሻል። ወደ መተማ ሲወረድ የውጭው ግፊት ስለሚጨምር ጌጁ 2 ያህል ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ሙቀቱ ያንኑ ያህል ስለሚመልሰው እንዳለ ይቆያል።

ካርቡሬተር፣ እሳትና ወረቀት

በፋብሪካ የተገጠመው የ1600 ካርቡሬተር ዋና ጂግለር (የቤንዚኑን መጠን የምትወስነው ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን) 127.5 ነው። ጎንደር ላይ አየሩ ስለሳሳ ቤንዚኑ በ10 በመቶ ገደማ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥላሸት ይተፋል። 122.5 ወይም 120 ይግባበት። ግን በዚሁ ጂግለር መተማ ዮሐንስ፣ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከተወረደ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ዳገት ላይ ይንጣጣል። ስለዚህ 127.5ቱ አይጣል፤ ከጓንት ሣጥኑ ይቀመጥ። ከካርቡሬተሩ ሆድ በጎን ያለውን ብሎን ፈትቶ በካቻቢቴ መለወጥ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚፈሰውን ቤንዚን ለመቀበልና ሞተሩ እስኪበርድ ለመጠበቅ ትዕግሥት ካለ። እሳቱ በከፍተኛ ዙር ከ28 እስከ 32 ዲግሪ፣ የፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው መገናኛ) ክፍተት 0.4፣ ቫልቭ በብርድ 0.15 ሚሊ ሜትር።

ቤንዚን በጀሪካን እየተገዛ ስለሚሞላ ፊልተር ግድ ነው። ከሞተሩ በላይ ግን አይሰቀል፤ ቦታው ከሥር፣ ከካምቢዮው አጠገብ ነው። ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባት የነሐስ ቱቦ በጣት ትነቅነቅ፤ ከተንቀሳቀሰች ከዲስትሪቢዩተሩ በላይ ናትና መኪናው ይቃጠላል። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና ዳር ዳሩን የሚዘጋው ጎማ አንዳቸውም አይቅሩ፤ ያለ እነሱ ፋኑ የሚስበው የራሱን የሞቀ አየር ነው። ዘይት 2.5 ሊትር። አዲስ የተሠራ ሞተር ከሆነ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱ ተቀይሮ ወንፊቱ ይታጠብ፣ ቫልቭ እንደገና ይለካ።

የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስለተጻፈ ሞተር ሲቀየር ወረቀቱም ይቀየራል። ሞተሩ ሲገዛ የሽያጭ ውሉና የቀድሞው መኪና ሰነድ ቅጂ አብሮ ይጠየቅ፤ ሰነድ የሌለው ሞተር ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው። ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሳይነገር የተቀየረ ሞተር ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ይያዛል። የሻንሲው ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐለኛው ዋሻ ላይ ነው፤ ካምቢዮው ወርዶ ሳለ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ፎቶ ማንሳት ይቀላል፤ ቀለም ሲቀባ ግን አይሸፈን።